ለጀልባ የተላኩ ሽማግሌዎች

ዴንቨር ባሕር የላትም። ቅርብ ነው የሚባለው ባሕር ራሱ በመኪና ሁለት ቀን ያስኬዳል። እኔ ግን በዚህች ባሕር አልባ ከተማ ጥግ ሦስት ሰመር ሙሉ የዛጎል ፍጥረት ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ደሞዝም ይከፈለኝ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ መጀመሪያ አካባቢ በትዕግሥት አስረዳ ነበር። ሰው ግን የሚጠይቅህ ሊያውቅ አይደለም፤ ከእሱ በላይ ነህ ወይስ በታች የሚለውን ለመለየት ነው። ዛጎል የሚለውን ሲሰማ ወዲያው ልቡ ያርፋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱ ቀልደኛ «የቀንድ አውጣ ዘበኛ» ብሎ ስም አወጣልኝና ስሜ ከእኔ ቀድሞ ሰው ቤት መግባት ጀመረ። ቀልደኛው ራሱ ኤርፖርት የሻንጣ ጋሪ ሲሰበስብ የሚውል ሰው ነው። ጋሪ ሰብሳቢ ዘበኛን ሲንቅ ማየት ያስቃል፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ደረቴ ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ «ፊልድ ቴክኒሺያን» ይላል። የምሠራው ከአውሮራ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ባለ ግድብ ነበር፤ ሰዉ ቅዳሜና እሑድ ጀልባ ይነዳበታል፣ ዓሣ ያጠምድበታል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ያንኑ ውሃ ከቧንቧው ይጠጣዋል። እዚያ እንዳትገባ የምጠብቃት ፍጥረት ሙስል ትባላለች። ሁለት ክዳን አላት፤ ስታድግ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ ሕፃን ሳለች ግን በዓይን አትታይም። ከሩቅ አገር በመርከብ ገብታ፣ በጀልባ ሆድ ተለጥፋ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ስትዞር፣ በዚያን ጊዜ ኔቫዳና አሪዞና ደርሳ ነበር። አንድ ሐይቅ ከገባች የሚያስወጣት የለም። ቧንቧ ውስጥ ትለጠፋለች፣ በእሷ ላይ ልጇ ይለጠፋል፣ በልጇ ላይ የልጅ ልጇ፣ ቧንቧው እስኪደፈን ድረስ። የዓሣውንም ምግብ ከውሃው አጣርታ ትጨርሰዋለች። ይህን ስናገር «እንደኛ ስደተኛ ናት በለኛ» ብሎ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ሲያስቅ አላየሁም።

ጠዋት ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ጀልባ እወጣለሁ። ከነጠላ የሳሳ መረብ በገመድ እስከ ታች አወርድና ቀስ ብዬ እስበዋለሁ፤ ጫፉ ላይ የተጠራቀመውን አረንጓዴ አተላ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ አልኮል እጨምርበታለሁ፣ ላቦራቶሪ ሄዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀጥሎ ከጀልባ ማሰሪያው ሥር በገመድ ያንጠለጠልናቸውን የፕላስቲክ ሰሌዳዎች አወጣና በጣቴ እዳብሳለሁ። ሕፃን ሙስል ከዓይን ታመልጣለች እንጂ ከጣት አታመልጥም፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትሻክራለች። ከዚያ በኋላ ጀልባ ማውረጃው ላይ ቆሜ የሚመጣውን ጀልባ ሁሉ ሆዱን ስዳብስ እውላለሁ። ሥራው ተሳካ የሚባለው ምንም ሳይገኝ ሲቀር ነው። ዓመቱን ሙሉ ምንም አለማግኘትህን ለሰው ማስረዳት ደግሞ ውሃ ወቀጣ ነው።

ጀልባ ያላቸውን ሰዎች የምንቃቸው በገንዘባቸው ቀንቼ አልነበረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ውሸት ስለሚዋሹ ነው። ትከሻውን ፀሐይ የላጠው ሰውዬ ገና በጠዋቱ ቢራውን ይዞ ይወርድና ጀልባዬ ንጹሕ ነው ይላል። የመጨረሻ ጊዜ የት ነበር ስትለው ሰማይ ሰማይ ያያል። ሞተሩ ውሃ እያንጠባጠበ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም ይልሃል። ዋሽቶም ሲያበቃ ይቆጣል፣ እንደተሰረቀ ሰው።

የኛ ሰዎች መንገድ ደግሞ ሌላ ነበር። እነሱ አይዋሹም፤ ይዛመዳሉ። ለቅዳሜ መዝናኛ የላስቲክ ጀልባ መኪናው ጣሪያ ላይ ጭኖ የሚመጣ አበሻ ገና ስሜን ካርዱ ላይ ሲያነብ ሰፈሬን፣ ትምህርት ቤቴን፣ የአክስቴን ልጆች እየጠራ አንድ ቦታ እስኪያገናኘን አያርፍም። ከዚያ በኋላ ጀልባውን ላየው ስል ይከፋዋል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እነዚህ ግን ዘመድነቱ ትዝ የሚላቸው በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። አንዱማ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ መከረኝ። ምን እንድበላ እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛጎሉን ይሆናል።

በዚህ መሀል፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ሰመር ላይ፣ እህቴ ልታገባ ሆነ። አባታችን የሞተው እሷ ፊደል ሳትቆጥር ነው፤ እኔ በአሥራ አራት ዓመት እበልጣታለሁ። በዲቪ መጥቼ እግሬ ትንሽ መሬት ሲይዝ መጀመሪያ ያደረግኩት እሷን በተማሪ ቪዛ ማስመጣት ነበር። ግሌንዴል ባለችው አፓርታማዬ መኝታ ቤቱን ለእሷ ለቅቄ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ እያደርኩ ነው ያስተማርኳት። ነርስ ሆና፣ ሎውሪ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ እስክትወጣ ድረስ ሶፋው የጀርባዬን ቅርጽ ይዞ ነበር። እናታችን ለሰርጉ ቪዛ ጠይቃ ከለከሏት። ስለዚህ በሰርጉ ቀን በአባት ወንበር የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

በእኛ ሰርግ ሙሽሮች ከመድረክ ወርደው የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። ሙሽራዋ ዝቅ ስትል፣ ወግ የሚያውቅ አባት ጉልበቱ ጋ ሳትደርስ አገጯን ይዞ ቀና ያደርጋትና ይመርቃታል። እኔ ይህን ነው የፈለግኩት። ሌላውን የሰርግ ኮተት ሁሉ እንቃለሁ፤ ኬኩን፣ ሊሞዚኑን፣ ጭስ የሚተፋውን ማሽን። ይህችን አንዲት ነገር ግን ፈልጌያት ነበር፣ አልደብቅም። ጥቁር ሱፍ ገዝቼ ሱሪውን በልኬ አስጠበብኩ። ጠዋት መረብ ስስብ ምርቃቱን በልቤ አጠና ነበር።

ሙሽራው ባንክ የሚሠራ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ደኅና ልጅ ነው፤ ስቴፕልተን አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ገዝቷል። መከራው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ይህ ሰው ላስ ቬጋስ ታክሲ ነድቶ ታክሲዎች የገዛ፣ ከዚያም ጀልባ የገዛ ነው። በስልክ ባወራን ቁጥር ስለ ጀልባው ያወራኛል። ዋና አይችልም። ሰርጉ ሲቃረብ የሰርግ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ፤ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተሰብስበው ስለ ወንበር ጨርቅ ቀለም ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የቬጋሱ ሰው በስፒከር ሆኖ ይካፈላል። አንድ እሑድ ሐሳብ መጣለት። ሙሽሮች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው አዳራሽ እስኪገቡ ባለው ሰዓት ሰው ሁሉ መናፈሻ ሄዶ የዝይ ኩስ እየረገጠ ቪዲዮ ይነሳል፤ የእሱ ወንድም ግን ከዝይ በላይ ይገባዋል። ጀልባውን ከቬጋስ ጎትቶ ያመጣል። ሙሽሮቹ ከሐይቅ መሀል በጀልባ ይመጣሉ፣ ሚዜዎቹ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ከሁለት ወገን ይቀርጻል። ኮሚቴው አጨበጨበ። ቪዲዮው አዲስ አበባ ሲደርስ ሐይቁ የሙሽራው ርስት ሊመስል ነው። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ እኔም ያንን ፊት ደስታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ሰርጉ ቅዳሜ ሊሆን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የቬጋሱ ሰው ጀልባውን እየጎተተ እኔ የቆምኩበት ማውረጃ ላይ ደረሰ። ጀልባው ነጭ ነው፤ አፍንጫው ላይ ከወዲሁ የሰርግ ሪባን ታስሯል። ሁለት ሚዜዎች አብረውት አሉ። ወርዶ ሦስቴ ሳመኝ።

«አማቼ፣ የኛ ሰው እዚያ አለ ብለው ነው በአንተ በኩል የላኩን» አለ። «ትንሽ ፕራክቲስ እናድርግ ብለን ነው። ቶሎ አሳልፈን።»

ማን እንደላከው አልጠየቅኩትም። እውነቱን ለመናገር ገና መኪናውን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ የት ነበር አልኩት፣ እንደማንኛውም ሰው። ጓሮ ቆሞ ነው የከረመው አለ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ። ሞተሩን ዝቅ አድርግልኝ አልኩት፤ ዝቅ ሲያደርገው ውሃ ፈሰሰ።

ሆዱን ዳበስኩ። ለስላሳ ነው፤ ያጠበው ሰው ደኅና አድርጎ አጥቦታል። ከኋላ፣ ሞተሩ የተገጠመበት አካባቢ ጣቴን ሳስገባ ግን ሻካራ ነገር ነካኝ። ባትሪ አበራሁ። ሞተሩ ውሃ በሚስብበት ቀዳዳ ጥግ ሦስት ሙስሎች እንደ ዱባ ፍሬ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። አንዷ ክዳኗን ግጥም አድርጋ ዘግታለች። እንዲያ ስትሆን በሕይወት አለች ማለት ነው።

«ይቺ ናት?» አለ አጎንብሶ። «ይቺ ጥፍር የምታክለው?»

«እሷ ናት።»

«ይኸው በቃ፣ ክሊን አደረግኩልህ» ብሎ አንዷን በመኪናው ቁልፍ ፈልቅቆ አወጣትና ወደ ሐይቁ ሊወረውራት እጁን አነሳ። የእጁን አንጓ ያዝኩት። አልለቅም ሲል ጠመዘዝኩት፤ ዛጎሏ መሬት ወደቀች። አንስቼ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኳት። ሚዜዎቹ ቆመው ያያሉ።

የቀረውን ሥራ በደስታ ነው የሠራሁት። ጀልባውን ከተጎታቹ ጋር በቀይ ማሰሪያ አስሬ ቆለፍኩት። ማሰሪያው ሳይፈታ ጀልባው የትም ውሃ አይነካም፤ በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ለሳምንታት ደርቆ፣ እንደገና እስኪታይ ድረስ። ደንቡን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነገርኩት፣ ሁለት ጊዜ መስማት ይገባዋል ብዬ። ሰርግ እኮ ነው አለኝ። አውቃለሁ፣ የምድረው እኔ ነኝ አልኩት። ሪባኑ በነፋስ እየተርገበገበ ጀልባው ወደ ማቆያው ግቢ ሲገባ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሽማግሌ ተላከብኝ።

ሦስት ሆነው ደረጃዬን ወጥተው መጡ፣ ሱፍ ለብሰው። አንደኛው ድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ አውሮራ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው የአረጋውያን እንክብካቤ ቢሮ ያለው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ማዕድ ላይ ጸሎት ከጀመረ ወጡ ሳይቀዘቅዝ አይጨርስም። ሦስተኛው የእናታችን የአክስት ልጅ፣ አጎት የምንለው ነው፤ ለትንሣኤ አንዴ ደውሎ የቀረውን ዓመት የሚያርፍ ሰው። ከጥቂት ወራት በፊት ሁለቱ፣ አዛውንቱና ባለ ቢሮው፣ እዚሁ ሳሎን እህቴን ለልጁ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ያኔ እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ፣ እሺ ስል ተቀመጡ። አሁንም ቆሙ። ተቀመጡ አልኳቸው። አንቀመጥም፣ መጀመሪያ እሺ በለን አለ ባለ ቢሮው፤ ከዚያም ጸለየ። ጸሎቱ ላይ የታሰረውን ሁሉ የሚፈታውን አምላክ አመሰገነ። ዓይኔን ገልጬ አየሁት፤ ምንም ሳያፍር ነው።

አስረዳኋቸው። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ውሃው፣ ልጆቻቸው ስለሚጠጡት፣ ደንቡን ብጥስ ከሥራ እንደምባረር። ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚጠብቁት እስክጨርስ ነው። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ባለ ጀልባውም ተናግሮህ ይሆናል፣ አንተም በሰው ፊት እጁን ጠምዝዘሃል፣ እልህ ነው፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉት አሉ።

«አባቴ፣ እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ከማን ጋር ነው የምናስታርቅህ?» አሉኝ። የምራቸውን ነው።

የኛ ሰው ይኸው ነው። ሕግ የያዘው ነገር ሁሉ ከጀርባው ቂም ያለበት ይመስለዋል፤ ቂም ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ ይፈታዋል። የመኪና ማቆሚያ ቅጣትም ቢሆን፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮም ቢሆን፣ የሆነ ሰው ተቀይሞ ነው እንጂ ዝም ብሎ አይሆንም። ሙሉ ሱፍ ለብሰው ከዛጎል ጋር ሊያስታርቁኝ የመጡትን ሦስት ሰዎች ቆሜ አየኋቸው። ሳቄ መጣ፤ ግማሹን ዋጥኩት፣ ግማሹን አዩት።

አጎቴ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ለካ የቬጋሱ ሰው ታች መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ኖሯል። አንገቱን ደፍቶ ገባና ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ሽቶው ሳሎኑን ሞላው። ጨዋ የሆነ ሰው እንዲህ ሲሆን ተሽቀዳድሞ ያነሳል። እኔ ትንሽ አቆየሁት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት ሳነሳው።

«ተመስገን» አለ ባለ ቢሮው። «እንግዲህ ማሰሪያው ይፈታ።»

«ማሰሪያው አይፈታም።»

አጎቴ ወለሉን አየ። የቬጋሱ ሰው ሱሪውን ያራግፍ ጀመር፣ ምንጣፌ ያቆሸሸው ይመስል። አዛውንቱ በእጃቸው የያዙትን ባርኔጣ አጠለቁና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ እኛ የጠየቅንህ ጀልባውን አይደለም» አሉኝ። «እንድታስቀምጠን ነው የጠየቅንህ።»

የሽማግሌ ዘይቤ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ አንድ ደረጃ እየረገጡ ሲወርዱ ሰማኋቸው፣ አጎቴ ክንዳቸውን ይዞ። ቆመው የመጡ ሽማግሌዎች ቆመው ሄዱ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ይህን ያልሰማ አበሻ ከኮልፋክስ እስከ ፓርከር መንገድ አልነበረም።

ዓርብ እህቴ ሥራ ቦታዬ መጣች። በሦስት ሰመር አንድ ቀን እንኳ መጥታ አታውቅም ነበር። የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ናት፤ ጥፍሮቿ ብቻ ለሰርግ ተሠርተዋል። እኔ መረብ እያጠብኩ ነበር። ነገ በአባት ወንበር የሚቀመጠው አጎታችን ነው አለችኝ። ሽማግሌዎቹ እኔ ባለሁበት ረድፍ አንቀመጥም ብለዋል፤ እነሱ ካልተቀመጡ ደግሞ የሙሽራው ቤተሰብ አይቀመጥም።

የጠበቅኩት አንቺ የምትጠጪውን ውሃ ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። ደንቆሮዎች ናቸው አልኩ፤ ታይታ የነፋቸው፣ ለቪዲዮ ብለው የከተማ ውሃ የሚያበላሹ፣ ደንብና ቂም የማይለዩ። ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ።

«ወደዚህ የላክኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

አልገባኝም።

«ጀልባውን ይዘው ሌላ ሐይቅ ሊሄዱ ነበር። ወንድሜ ያለበት ጋ ሂዱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በቬሎ ጀልባ ላይ መውጣት አልፈልግም፣ ውሃ እፈራለሁ። ግን ለእነሱ እምቢ ማለት አልቻልኩም። አንተ እንደምትመልሳቸው አውቄ ነው።»

መረቡን አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነበር፤ እህቴ ታውቀኛለች አልኩ። ሌላው ከኋላ ነው የመጣው። እንዲህ ከሆነማ ንገሪያቸው፣ ወንበሬን ይልቀቁልኝ አልኳት።

«የተቀየሙት እኮ ጀልባውን ስለመለስክ አይደለም» አለች። «ቆመው ስለመለስካቸው ነው። እሺ፣ አለቃዬን ልጠይቅ ብለህ ብታስቀምጣቸው ምን ነበር? ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ጀልባው በማግስቱም አይፈታም፤ እነሱም ያውቁታል።»

እኔ ውሸት አልናገርም አልኳት። ልብሴ ላይ የተለጠፈ አረም ነበር፤ በሁለት ጣቷ አንስታ ጣለችው።

«አንተ ሰውን ንቀህ መኖር ትችላለህ» አለች። «እኔ ግን ከነገ ጀምሮ ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው።»

እንዳትቀር፣ ሱፍህን ልበስ ብላኝ ወደ መኪናዋ ሄደች። ከኋላዋ አንድ ትከሻው የተላጠ ሰው ጀልባ እየጎተተ መጣ። የመጨረሻ ጊዜ የት ነበር አልኩት። የመለሰልኝን አልሰማሁም።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስወጣ ወደ አዛውንቱ ቤት ነዳሁ። ከቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ። መጋረጃው ስላልተዘጋ ሳሎኑ ይታያል፤ አዛውንቱ ተቀምጠዋል፣ ባለ ቢሮው ተቀምጧል፣ አጎቴ ቆሞ የነገውን ሱፉን እየለካ ያሳያቸዋል። ማድረግ ያለብኝ ገብቼ ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር አሰብኩ፤ ስላላስቀመጥኳችሁ ይቅርታ ልበል? ትክክል ሆኜ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ሥራውን በደንብ የሠራሁት እኔ ሆኜ፣ ለአንድ ወንበር ስል? አጎቴ እጅጌውን ሳብ ሳብ አድርጎ ራሱን በመስተዋት አየ። ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ።

ሰርጉ ሃቫና መንገድ አጠገብ ባለ አዳራሽ ነበር። ሙሽሮቹ መናፈሻ ሄደው ከዝይዎቹ ጋር ተነስተው መጡ፤ የእህቴ ቬሎ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ሆኗል፣ ፊቷ ግን የበራ ነው። የቬጋሱ ሰው ማይክ ይዞ አላስቀምጥ አለ። የጭሱ ማሽን ያለ ልክ ስለተፋ አንድ አሮጊት ቤቱ ተቃጠለ ብለው ተነሱ። እኔን ያስቀመጡኝ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከሙሽራው የባንክ ባልደረቦች ጋር ነው። ፈረንጆች ናቸው፤ ምን እንደምንበላ ይጠይቁኛል፣ ከሙሽሮቹ ጋር ምን እንደምተዋወቅ ይጠይቁኛል። ወንድሟ ነኝ ስላቸው ተያዩ፤ ወንድም እዚህ ምን ይሠራል ማለታቸው መሰለኝ።

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ከመድረኩ በታች ወንበሮች ተደረደሩ፤ የሙሽራው ወላጆች፣ አዛውንቱ፣ ባለ ቢሮው፣ ከዚያ አጎቴ። አጎቴ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሴት ልጅ ሲድር የኖረ ይመስል። እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። አዛውንቱ ጋ ዝቅ ስትል ቶሎ ብለው አነሷት። ባለ ቢሮው ጋ ወጥ ቀዘቀዘ። አጎቴ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች፣ እሱም አገጯን መያዝ እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ ጉልበቱን አስሳማት፣ አንዱንም ሌላውንም፣ ካሜራውን እያየ። ምርቃቱ ሁለት ቃል አልሞላም። እኔ ያጠናሁት ከዚያ ይሻላል አልኩ በልቤ። ንቀቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አብሮኝ ነበር፣ ደግፎ ይዞኝ ነበር።

ከዚያ ረድፉን ጨርሳ ቀና አለችና አዳራሹን በዓይኗ ፈለገች። ወይም መሰለኝ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ እግሮቼን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁ፣ ወደ መተላለፊያው ዞሬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የሱሪዬን መታጠፊያ አስተካከልኩ። ጉልበቶቼን ገጠምኩ። ምርቃቱን ከመጀመሪያው በልቤ ጀመርኩት፣ አገጯን በየትኛው እጄ እንደምይዝ ጭምር። መዝሙሩ ተነሳ፤ ሚዜዎቹ ከበቧት፣ እያጨበጨቡ ወደ መድረኩ መለሷት። ፈረንጆቹም ተነስተው ያጨበጭቡ ጀመር። እኔ እንደዚያው ተዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ።

ምግብ የምታቀርብ አንዲት ሴት ትሪ ተሸክማ ከወጥ ቤቱ ወጣች፣ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝ፣ ልለፍ» አለችኝ።

ሰበሰብኩ።